አዲስ ር/መምህር ሆኜ ተመድቤያለሁ፣ ከመምህራኑና ከወላጁ ጋር ንግግር በምን ልጀምር?

ደጋማው፦

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች፣ በተለይ መምህራንና ር/መምህራን የሆናችሁ እስቲ አማክሩኝ። ዘንድሮ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከ1–8 የሚያስተምር አንድ ት/ቤት ር/መምህር ሆኜ ተመድቤያለሁ። እስከ አምና እዛው ወረዳ ሒሳብ ነበር ማስተምረው። አሁን ከ40 በላይ መምህር አለ፣ በሁለት ፈረቃ የሚማር ከሺ በላይ ተማሪ አለ፣ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) አለ፣ ቀበሌው አለ፣ ወረዳው አለ፣ ሁሉም ምን ይላል ብሎ አፌን ነው ሚያየው።

ቢሮ ስረከብ ያየሁት ነገር አስደንግጦኛል። የደብዳቤ ፋይሉ ከግማሽ በላይ "ጉዳዩ፦ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት" ነው። አንዱ ስለዘገየ፣ አንዷ ሌሰን ፕላን በሰዓቱ ስላላስፈረመች፣ አንዱ ሰልፍ ላይ ስላልቆመ። መምህራኑን ሳናግራቸው ደግሞ አብዛኞቹ ከር/መምህር ጋር ቁጭ ብለው ያወሩበትን ቀን አያስታውሱም፣ በደብዳቤና በቴሌግራም ግሩፕ ነው የኖሩት። ግሩፑን ወደላይ ሄጄ ሳነበው ሁሉም የቢሮው መልእክት ነው፣ ከስሩ አንድም መልስ የለም፣ አልፎ አልፎ አውራ ጣት ብቻ።

ወላጁም እንደዛው። ባለፈው ጥበቃችንን "የወላጅ ስብሰባ ብንጠራ ሚመጡ ይመስልሃል?" ስለው "ስንት ስንት ብር ነው ሚዋጣው?" አለኝ። ት/ቤቱ ሲጠራቸው ወይ መዋጮ ነው ወይ ልጃቸው አጥፍቷል፣ ሌላ ምክንያት አያውቁም።

ፒጂዲኤስኤል (የት/ቤት አመራር ድህረ ምረቃ ዲፕሎማ) ተምሬያለሁ፣ ኢንስትራክሽናል ሊደርሺፕ፣ ትራንስፎርሜሽናል ሊደርሺፕ ምናምን ላይ አሳይመንት ሰርቻለሁ። ግን እስከ ትናንት አብሮኝ ሻይ ሲጠጣ የነበረን ጓደኛዬን "ፔሬድ እያባከንክ ነው" እንዴት አድርጌ እንደምለው የትም አልተማርኩም። በምን ልጀምር? ስብሰባ ጠርቼ እቅዴን ላቅርብ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ወላጁንስ እንዴት ነው ማመጣው?

ጋሽ ጠመኔ፦

ልጄ ሹመት ያዳብር። ጎጃም ውስጥ በተለያዩ ት/ቤቶች ር/መምህር ሆኜ ሰርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ የማውቀውን ልንገርህ።

ስብሰባ አትጥራ፣ መጀመሪያ ላይ ማለቴ ነው። አዲስ ር/መምህር መጣ ስብሰባ ጠራ እቅዱን አነበበ፣ ይሄን መምህሩ ስንቴ አይቶታል መሰለህ፣ እጁን አጣጥፎ ሰምቶህ ይወጣል። ከዛ ይልቅ ደብተር ያዝና መምህራኑን አንድ በአንድ ካሉበት ሄደህ አናግራቸው፣ ቢሮ ጠርተህ አይደለም፣ እነሱ ጋ ሄደህ። ሁለት ነገር ጠይቅ፣ "እዚህ ት/ቤት ምን ይቀጥል? ምን ይቅር?" በቃ። መልስ አትስጥ፣ አትከራከር፣ ጻፍ። ጥበቃውንና ጽዳቷን እንዳትዘላቸው፣ የት/ቤቱን ነገር ከማንም በላይ ሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ የትኛው ልጅ ምሳ ሳይበላ እንደሚውል፣ የትኛው ክፍል ከእረፍት በኋላ ያለመምህር እንደሚቆይ ይነግሩሃል። ሁሉንም ሰምተህ ስትጨርስ ያኔ ስብሰባ ጥራና ማን እንዳለው ሳትናገር የሰማኸውን መልሰህ ንገራቸው። "ብዙዎቻችሁ ያላችሁኝ ይሄ ነው፣ ይሄን ይሄን ካሁኑ መቀየር እችላለሁ፣ ይሄኛው ከወረዳ ነው ሚወሰነው፣ ይሄኛውን ደግሞ አልስማማበትም ምክንያቴም ይሄ ነው" በላቸው። አልስማማም ማለትን አትፍራ፣ ሰው ሚርቅህ ምክንያቱን ስትደብቀው ነው።

ወላጁን በተመለከተ ቀኑን አስተካክል። ገበሬን ህዳርና ታህሳስ ላይ አጨዳና ውቂያ ትቶ ና ብትለው አይመጣም፣ ባይመጣም ጥፋቱ ያንተ ነው። ሚካኤል ወይ ማርያም በሚውልበት ቀን እርሻ አይወጣም፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ እዛው ደጁ ላይ ነው። ቄሱን ወይ የእድሩን ዳኛ አስቀድመህ አናግርና እነሱ ይንገሩልህ። ሙስሊም ያለበት ቀበሌ ከሆነ ደግሞ ከጁምዓ በኋላ፣ ሼሁን ይዘህ። የኔ ምክትል አንድ ጊዜ ጥሪ ወረቀት አባዝቶ በተማሪ ላከ፣ የመጣው ሰው አንድ ክፍል አልሞላም። በሚቀጥለው በእድሩ በኩል አስነገርን፣ መቀመጫ ጠፋ።

መጀመሪያ ስትጠራቸው ደግሞ ስለ ብር አንድ ቃል እንዳታነሳ። ልጆቹ ያነብቡላቸው። 2ኛና 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ተነስተው እናታቸው ፊት አንድ አንቀጽ ያንብቡ። ማንበብ ያልቻለ ካለ ስሙን አትጥራ፣ ግን ለወላጁ ለብቻ ንገረው፣ ምን ልታደርጉ እንዳሰባችሁም ንገረው።

የብሩ ነገር በሌላ መንገድ ነው ሚፈታው። ስኩል ግራንት የሚባል የድጋፍ ብር ለየት/ቤቱ ይመጣል፣ ወላጁ ግን ስንት እንደመጣ ምን እንደተገዛበት አያውቅም። በትልቁ ጽፈህ ግቢው በር ላይ ለጥፈው፣ ይሄን ያህል መጣ፣ ይሄን ያህል ለመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ይሄን ያህል ለሽንት ቤት ጥገና፣ ይሄን ያህል ቀሪ። ማንበብ ለማይችለው ልጁ ያነብለታል። እኔ ይሄን ማድረግ ከጀመርኩ በኋላ መዋጮ ስጠይቅ "የት ገባ" የሚል ጥያቄ ቆመ፣ እንደውም ድንጋይ አቀርባለሁ፣ እንጨት አመጣለሁ የሚል ሰው ነው የበዛው።

የ5ኛዋ ቲቸር፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን ከመምህር ወንበር ላይ ሆኜ ልናገር። አዲስ አበባ የመንግስት ት/ቤት ሳይንስ ነው ማስተምረው።

ር/መምህር ከመምህር ጋ ሚነጋገረው ከሁሉም በላይ ክፍል ገብቶ ሲያይ ነው፣ እዛ ላይ ከተበላሸ ስብሰባው ምናምኑ ዋጋ የለውም። ብዙ ቦታ ሱፐርቪዥን ማለት ቼክሊስት ይዞ መግባት፣ ከኋላ ቁጭ ብሎ ምልክት ማድረግ፣ ከዛ ምንም ሳይናገር መውጣት ነው፣ ውጤቱን በዓመቱ መጨረሻ ኢፊሸንሲ (የስራ አፈጻጸም ነጥብ) ሲሞላ ነው ምትሰማው። እሱማ ፈተና እንጂ ድጋፍ አይደለም።

አንዴ የነበሩን ር/መምህር ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አይጠፉም። ስለ ቁስ አካል ባህርያት ሳስተምር ገቡና ከኋላ ተቀመጡ፣ ወረቀት አልያዙም። ፔሬዱ እንዳለቀ ኮሪደር ላይ አቆሙኝና "በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለሽ ማምጣትሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ልጆቹ አይናቸውን አልነቀሉም። በመስኮቱ በኩል ሶስተኛው ዴስክ ላይ ያሉት ልጆች ግን ሙሉ ፔሬዱን አንዴም አልተጠየቁም፣ አስተውለሽዋል?" አሉኝ። አላስተዋልኩትም ነበር። በሳምንቱ ተመልሰው መጡና ዴስኩን ብቻ አይተው ፈገግ ብለው ወጡ። ያቺን ደቂቃ ሚያክል ስልጠና ወስጄ አላውቅም፣ ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ፋይሌ ሙሉ ነው እኮ።

አንድ ነገር ደግሞ በእግዚአብሔር እለምንሃለሁ ደጋማው፣ መምህርን ሰልፍ ላይ በማይክ እንዳትናገር። ባንዲራ ተሰቅሎ ተማሪ ቆሞ "አንዳንድ መምህራን አሁንም እየዘገያችሁ ነው" ሲባል ልጆቹ ዞር ብለው ማን ነው ብለው ይፈልጋሉ፣ ከዛ በኋላ እዛ ክፍል ገብቶ ዝም በሉ ማለት ለዛ መምህር በጣም ከባድ ነው።

ኮምቦልቻ፦

እኔም አሁን በስራ ላይ ያለሁ ር/መምህር ነኝ። ጋሽ ጠመኔን በሙሉ አክብሮት፣ ግን ልጁ ደብዳቤን እንደ ጠላት እንዳያየው እፈራለሁ። ደብዳቤ ያስፈልጋል። ኢንስፔክሽን ሲመጣ 26 ስታንዳርድ ይዞ ነው ሚመጣው፣ ከግብአት እስከ ውጤት ለሁሉም ማስረጃ ይጠይቃል፣ "በቃል ተነጋግረናል" ብትል ደረጃህ ይወርዳል። አንድ መምህር ለወራት እየቀረ በጨዋነት ስትነግረው ስትለምነው ቆይተህ በመጨረሻ ወረዳ ስትሄድ "ማስጠንቀቂያህ የታለ?" ነው ሚሉህ፣ ወረቀት ከሌለህ አንተው ተጠያቂ ትሆናለህ። ተማሪው ያለመምህር የተቀመጠበት ፔሬድ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ስለዚ እኔ ማደርገው መጀመሪያ በአፍ ነው፣ ለብቻችን። ሁለተኛም በአፍ ነው፣ ግን ያኔ "ይሄን እማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ" እለዋለሁ፣ እያየ። ሶስተኛ ላይ ደብዳቤ ነው፣ እሱንም በጸሐፊ አልልክም፣ ራሴ እጁ ላይ ነው ምሰጠው፣ ከመፈረሙ በፊት አንብቦ የተሳሳተ ነገር ካለ እንዲነግረኝ። እስካሁን ደብዳቤ የሰጠሁት ሰው አኩርፎኝ አያውቅም ማለት አልችልም፣ አኩርፎኝ ያውቃል፣ ግን ዱብ እዳ ነው ያለኝ የለም።

ቃለ ጉባኤም እንደዛው። ስብሰባ ላይ የተወሰነውን በማግስቱ ስታፍ ክፍል ለጥፈው። ሰው ሚጣላው የተወሰነውን ሁሉም በየራሱ ሲያስታውሰው ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

እኔ መምህር አይደለሁም ወላጅ ነኝ፣ ግን ርዕሱን ሳየው ማለፍ አልቻልኩም። ልጄ "እማዬ ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ" ስትለኝ እስካሁን ሆዴ ይረበሻል፣ ምክንያቱም አንድ ቀን እንኳን ለደህና ነገር ተጠርቼ አላውቅም። አሁን ያለችበት ት/ቤት ያለው የክፍል ኃላፊ መምህሯ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ "ዛሬ ሳትጠየቅ እጇን አውጥታ መለሰች" ብሎ ጻፈልኝ፣ አንድ መስመር ናት፣ ለባለቤቴም ለእናቴም አሳየኋቸው። ር/መምህር ከሆንክ መምህራኖችህን እንዲህ እንዲጽፉ አበረታታቸው፣ ወጪ የለውም።

ሌላው ቋንቋው ነው። "ተከታታይ ምዘና ከመቶ ስልሳ፣ ሚኒመም ለርኒንግ ኮምፒተንሲ" ምናምን እያሉ ሲያወሩን ሁላችንም አንገታችንን እንነቀንቃለን፣ ግቢው በር ጋ ስንደርስ "ምን ነበር ያሉት?" እንባባላለን። እኔ እንኳን ዲፕሎማ አለኝ። ልጁን አያት የምታሳድገው ብዙ ቤት አለ፣ ስማርት ስልክ የላትም፣ ቴሌግራም ላይ "ነገ ግማሽ ቀን ነው" ብለህ ብትለጥፍ ልጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ከግሩፑ ውጪ ያሉትን ወላጆች ዝርዝር ያዝና መልእክቱ እንዴት እንደሚደርሳቸው አስብበት፣ ጎረቤታቸው ያለ ተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ስልክ ሊሆን ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሜሪላንድ ነው ምጽፈው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ ት/ቤቶቹ ዋና ዋና መልእክቶችን በአማርኛም ይልካሉ፣ የወላጅና መምህር ቀጠሮ ላይም አስተርጓሚ በነጻ ይመደብልሃል። እዚህ አገር ወላጅ በሚገባው ቋንቋ መረጃ ማግኘት በፌደራል ህግ መብቱ ነው፣ ውለታ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ስመጣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር፣ አስተርጓሚ ስጠይቅ እንደማፍር አይታ የት/ቤቱ ጸሐፊ ራሷ ነች ቅጹን የሞላችልኝ።

ግን ከትርጉሙ በላይ እኔን የነካኝ ፕሪንሲፓሏ ጠዋት ጠዋት መኪና ልጆች በሚያወርድበት ቦታ መቆሟ ነው፣ ዝናብም ሆነ ብርድ። የልጄን ስም አስተካክላ እስክትጠራ ድረስ ደጋግማ ጠየቀችኝ። አንድ ቀን ልጄ ምሳ ላይ ልጆች እንደሚያስቸግሩት ልነግራት ፈልጌ ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም ነበር፣ እዛው መንገድ ላይ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኳት፣ ከሰዓት ደወለችልኝ።

ደጋማው አንተ ጋም ይሄ ሊያስፈልግህ ይችላል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ኦሮምኛ ወይ አርጎብኛ እቤታቸው የሚናገሩ ወላጆች ያሉበት ቀበሌ አለ። ስብሰባህ ላይ ዝም ብለው ሚቀመጡት ግድ ስለሌላቸው ላይሆን ይችላል። ቋንቋቸውን ሚናገር መምህር ካለህ አጠገባቸው ይቀመጥ፣ ጥያቄም በራሳቸው ቋንቋ ይጠይቁ።

ክላስተር ላይ ያለሁ፦

ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ ብዙ ር/መምህራን አያለሁ። ከሁሉም ሚከብደው መጥፎ ዜና መናገር ነው፣ ስለሱ ማንም ስላልጻፈ ነው የገባሁት።

የ2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን ታስታውሳላችሁ፣ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ 1,328 ት/ቤቶች ደግሞ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እኔ ማውቃቸው ሁለት ር/መምህራን ት/ቤታቸው ከነዚህ ውስጥ ነበር። አንደኛው በሩን ዘጋ። ወላጅ ሲመጣ ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል፣ መምህራኑ ተማሪውን ይወቅሳሉ፣ ተማሪው መምህሩን፣ በወሩ ውስጥ የማይታመን ወሬ ነው የተወራው። ሁለተኛው በሳምንቱ ወላጅ ጠራ። ብላክቦርድ ላይ በየትምህርት ዓይነቱ የት/ቤቱን አማካይ ውጤት ጻፈ፣ ሒሳብ ይሄን ያህል፣ ፊዚክስ ይሄን ያህል፣ ፊዚክስ ላይ ግማሹን ዓመት መምህር እንዳልነበራቸው፣ ለወረዳው መቼ መቼ ደብዳቤ እንደጻፈ፣ ሁሉንም አወጣው። "ይሄኛው በኛ ችግር ነው፣ ይሄኛው ከበላይ ነው፣ ይሄኛውን ግን ያለናንተ አንችለውም" አለ። አንድ አባት ተነስተው በጣም ተቆጥተው ተናገሩ፣ አላቋረጣቸውም፣ እስኪጨርሱ ቆሞ ሰማ። ከዛ ስብሰባ የወጣው ነገር የቅዳሜ ቱቶሪያል ነው፣ ወላጆች የመምህራኑን ምሳ በተራ ያመጡ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ተማሪ አሳለፉ ብዬ አላጋንንም፣ ጥቂት ናቸው ያለፉት፣ ግን ወላጁ ከት/ቤቱ አልሸሸም፣ የፊዚክስ መምህር እንዲመደብ ወረዳ ድረስ ሄደው የጮሁት ራሳቸው ወላጆቹ ናቸው።

ደጋማው፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ይጻፍልኛል ብዬ አልጠበኩም። ደብተሩን ይዤ ከጥበቃው ነው ምጀምረው። ስኩል ግራንቱን ከወተመህ ሰብሳቢው ጋር አወራሁት፣ በር ላይ እንለጥፍ ስለው በጣም ነው ደስ ያለው። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። የከሰዓቱ ፈረቃ ላይ ያሉ መምህራን ጠዋት ሰልፍ ላይ ሚነገረውን አይሰሙም፣ ስብሰባም ሁሌ ጠዋት ስለሆነ ሁለተኛ ዜጋ ነን ነው ሚሉት። ሌላው ደግሞ ያ ጓደኛዬ፣ ዛሬም ዘግይቷል።

የ5ኛዋ ቲቸር፦

ለፈረቃው እኛ ጋ የሰራልን የፈረቃ መቀያየሪያው ሰዓት ነው። ጠዋቶቹ ሳይወጡ ከሰዓቶቹ ገብተው ለአስር አስራ አምስት ደቂቃ ሁሉም ስታፍ ክፍል ይገናኛል፣ ቆመን ነው፣ ወንበር የለም ስለዚ አይረዝምም። ከባድ ስብሰባ ሲኖር አንዱ ወር ጠዋት አንዱ ወር ከሰዓት ይደረግ። ለተማሪው ደግሞ ሚኒ ሚዲያ ካላችሁ በሁለቱም ፈረቃ እኩል ይነበብ፣ ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡት።

ጋሽ ጠመኔ፦

ጓደኛህን ዛሬውኑ አናግረው፣ ብዙ ሰው ሳያይ፣ ከስራ ሰዓት በኋላ ስትወጡ መንገድ ላይ ቢሆን ይሻላል። በዙሪያ አትሂድ። "ዛሬ 6ለ ክፍል ያላንተ ሃያ ደቂቃ ተቀምጧል፣ ምን ሆነህ ነው?" በለው፣ ከዛ ዝም በልና ጠብቅ። ምናልባት የታመመ ሰው እቤቱ አለ፣ ምናልባት መኪና ያጣል፣ እንደዛ ከሆነ የመጀመሪያውን ፔሬድ ከሌላ መምህር ጋር አቀያይርለት፣ ፕሮግራሙ ያንተ እጅ ላይ ነው። ምክንያት ከሌለው ደግሞ ኮምቦልቻ እንዳለው ሁለተኛውን እያየህ ጻፍ። ሌሎቹ መምህራን እሱን ምን እንደምትለው እየጠበቁ ነው፣ ጓደኛህ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።